ዕርቅ የወረደበት ገጽ

መጋቢት 4 ቀን 2009፣ ሰኞ፤ ሚዛን

የቢሮው መዝገብ ላይ የማይጻፍ ነገር ስለበዛብኝ ይህን ደብተር ገዛሁ።

ሥራዬ ሰው ማገናኘት ነው። ቤቱን ማደስ የፈለገ ይደውላል፤ እኔ ግንበኛ፣ አናጺ፣ ለሳኝ ወይም ቀለም ቀቢ እልክለታለሁ። ሥራው ሲያልቅ መልሼ እደውልና «እንዴት ነበር? ከአምስት ስንት ኮከብ ይሰጡታል?» ብዬ እጠይቃለሁ። የተባልኩትን በባለሙያው ገጽ ላይ እጽፍና ቴሌግራም ላይ እለጥፋለሁ። ቻናላችን ዘጠኝ መቶ ምናምን ተከታይ አለው። ግማሹ የካምፓስ ተማሪ ነው፤ የሚያድሰው ቤት የለውም።

ባለቤቱ ናስረዲን ነው። አባቱ ከጅማ መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚህ ሚስማርና ቆርቆሮ ሸጡ። እሱ ደግሞ ሚስማር ከመሸጥ ሚስማር የሚመታውን ሰው ማገናኘት ይሻላል ብሎ ይህን ቢሮ ከፈተ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ችግሩ የዚህ አገር ሰው በስልክ ሲጠየቅ ክፉ አይናገርም። «ተመስገን፣ በጣም ጥሩ ነው» ይላል። ሃያ ሦስት ባለሙያ አለን፤ ሃያ ሁለቱ አምስት ኮከብ ናቸው። ሃያ ሦስተኛው ገና ሥራ አላገኘም።

ዛሬ ግን መምህር በላይነህ በአካል መጡ። የሳሎናቸው ልስን ከነቀለሙ ወርዷል። የለሰነው ሲላስ ነው። አንድ ኮከብ። «ዜሮ የሚባል ካለ እሱን ጻፊልኝ» አሉ። የለም አልኳቸው።

መጋቢት 7

ሲላስ ቢሮ መጥቶ ነበር። ዝናብ ነው አለ። ዝናቡ ለሁሉም ነው የሚዘንበው አላልኩትም።

ሲላስ የእኛው ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። አባቴ ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ይህን የምጽፈው ነገሩ የተሟላ እንዲሆን ነው እንጂ ከሥራው ጋር አይገናኝም።

መጋቢት 11፣ ሰኞ

ሽማግሌ ተቀመጠ። አቶ ፍቅሩና ሌሎች ሁለት ሰዎች ከቤተ ክርስቲያናችን መጡ። ሲላስ ቆመ፣ አጥፍቻለሁ አለ፣ ግድግዳውን ደግሜ እለስናለሁ አለ። መምህር በላይነህ ትንሽ አንገራገሩና ይቅር አሉ። ተቃቀፉ። እኔ ለመመስከር ነበርኩ፤ የመሰከርኩት ነገር የለም።

ስንወጣ አቶ ፍቅሩ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያንን ጽሑፍ አንሺው። ዕርቅ ከወረደ በኋላ ጽፎ ማስቀመጥ ቂም ማሳደር ነው።»

ናስረዲንም ተስማማ። እንዲያውም ደንብ አደረገው፦ ተጣልተው የታረቁበት አስተያየት ይነሳል። ከቴሌግራሙ አጠፋሁት። መዝገቡን ግን መቅደድ አልወደድኩም፤ የመቅደድ ነገር አይሆንልኝም። ነጭ ወረቀት በልክ ቆርጬ በሙጫ ለጠፍኩበት። ንጹሕ ሆነ። ናስረዲን ሲያየው «አንቺ እኮ ለልስንም ትሆኛለሽ» አለኝ።

መጋቢት 25፣ ሰኞ

እማዋይሽ ደወለች። ቁርስ ቤት ያላት ናት፤ ቀልድ ታውቃለች፣ ዛሬ ግን አልቀለደችም። የጓዳዋ ልስን እንደ ቂጣ ተገንጥሎ ወርዷል። ሲላስ ነው። ጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ሲለሰን መጀመሪያ ምርጊቱ በደንብ መድረቅ አለበት፤ ከዚያ የዶሮ ሽቦ ተወጥሮ ይመታበታል፣ ሲሚንቶው የሚይዘው ሽቦውን ነው። ይህን እኔም አሁን ነው ያወቅኩት።

«ሽቦውን ራሴ ገዝቼ ሰጥቼዋለሁ። ትናንት ዶሮ ሳባርር ከጓሮ አገኘሁት፤ ጥቅሉ እንኳን አልተፈታም» አለችኝ።

ስለዚህ ሰውዬው አልሰረቀም፣ ቸኩሎ ነው። ለምን ይቸኩላል? ሰው ስለሚደውልለት። ለምን ይደውሉለታል? አምስት ኮከብ ስላለው። እኔ ነኝ የለጠፍኩለት። ይህ የሒሳብ ነገር ነው፤ ስሜት የለበትም።

አንድ ኮከብ ጻፍኩ።

ሚያዝያ 2

ታረቁ። ፋሲካ ሳምንት ስለቀረው ሁሉም ቸኩሎ ነበር። እማዋይሽ «በዓል መጥቶ ሰው አላኮርፍም» አለች። ወረቀት ቆርጬ ለጠፍኩ። የሲላስ ገጽ ከሌሎቹ ገጾች ወፍሯል፤ መዝገቡ ሲከደን እዚያ ላይ ትንሽ ይከፈታል።

ሚያዝያ 14፣ ቅዳሜ

ሲላስ እኛ ቤት መጣ። የእማዬን ክፍል ምርጊት አፍርሶ ሊሠራልን። ሳንጠራው ነው የመጣው። «ግድግዳችሁን ሳልፍ አይቼው ነበር» አለ። ዋጋ ስጠይቀው «እህቴ፣ የአንድ ቤት ልጆች አይደለን?» ብሎ ሳቀ። ሁለቴ ጠየቅኩት። ሁለት ጊዜ መጠየቅ በቂ ነው ብዬ አስባለሁ።

ጥሩ ሠራተኛ ነው። ጭቃውን በእግሩ ረግጦ ረግጦ አቦካው፣ መረገው፣ እጁን ታጠበና «አሁን ሁለት ሳምንት አትንኩት» አለን። «ግድግዳ ጥቁር ከሆነ እርጥብ ነው። ነጣ ሲል ነው ሽቦ የሚመታው።»

ሚያዝያ 24

ወይዘሮ ከድጁ ቢሮ መጡ። አስፋልቱ ዳር ጨርቅ የሚሸጡት፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለት ሴት ልጅ ለብቻቸው ያሳደጉ ናቸው። የፊት ክፍላቸውን ለታላቋ ልጃቸው ለከውሰር የስፌት ቤት ማድረግ ይፈልጋሉ። ከውሰር ሙያውን ተምራ ጨርሳለች፣ መኪናውም ተገዝቷል፤ የቀረው ግድግዳው ነው። ከረመዳን በፊት ማለቅ አለበት፤ የዒድ ልብስ የሚታዘዘው ረመዳን ሲገባ ነውና።

ያኔ ነፃ የነበረው ለሳኝ ሲላስ ብቻ ነው። ቴሌግራሙን አሳየኋቸው። ስልኩን አራቅ አድርገው አዩትና መለሱልኝ።

«ይኼን እኔ አላነብም። አንቺ ንገሪኝ ልጄ። ስለዚህ ሰው ክፉ ያለ አለ?»

«መዝገቡ ላይ የለም» አልኩ።

እውነት ነው። መዝገቡ ላይ የለም። የተነሳውን አንስቻለሁ፣ ደንቡ የናስረዲን ነው፣ ምክሩ የአቶ ፍቅሩ ነው፣ ይቅር ያሉት ባለቤቶቹ ናቸው። እኔ የትም ቦታ የለሁበትም። ከነገሩ ጦም እደሩ ይላል የአገሬ ሰው።

ከድጁ እጄን ይዘው መረቁኝ። ጥሩ ባል ይስጥሽ አሉኝ። እንደተለመደው አሜን አልኩ።

ግንቦት 1፣ ማክሰኞ

የእማዬ ግድግዳ ትናንት አለቀ። በትክክል ሁለት ሳምንት ጠበቀ፤ ከዚያ ሽቦውን ጥግ ለጥግ ወጠረ፣ በየስንዝሩ ሚስማር መታ። ስለሚያምር ቆሜ አየሁት።

ማታ እማዬ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች «ለሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚሠራው?» አለች።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ።

«አንቺ ካላወቅሽ ማን ያውቃል? ሥራሽ አይደል?»

ደክሞኝ ነበር፤ ተኛሁ። ዛሬ ጠዋት ቢሮ ገብቼ የእማዬን አምስት ኮከብ ጻፍኩ። ያየነውን ነው የጻፍኩት። ከዚህ በላይ እውነተኛ አስተያየት መዝገቡ ላይ የለም።

ግንቦት 5

በከድጁ ቤት በኩል አለፍኩ። ከቢሮ ወደ ቤቴ መንገዴ አይደለም፤ ግን ጭቃው ያን ያህል አልነበረም። ሲላስ ምርጊቱን ከጀመረ አራት ቀኑ ነው። በሩ ክፍት ነበር። ግማሹ ግድግዳ ሲሚንቶ ለብሷል፣ ያልለበሰው ጠቁሮ ይታያል።

አልገባሁም። ሥራዬ ማገናኘት ነው።

ግንቦት 9

ለከድጁ ደወልኩ። «ማሻላህ፣ እንቁላል መስሏል» አሉኝ። አምስት። ጻፍኩ፣ ለጠፍኩ። ሰባት ሰው ልብ ሰጠው። አንዱ ሲላስ ነው።

ግንቦት 20

ረመዳን ትናንት ገባ። ናስረዲን ፆም ሲይዝ ይነጫነጫል፤ ከእሱ ጋር ማውራት የሚቻለው እስከ አራት ሰዓት ድረስ ነው። ከውሰር ከመጀመሪያው ቀን አስራ አንድ ቀሚስ ታዘዘላት አለኝ። ደስ አለኝ። ለምን እንደዚህ ደስ እንዳለኝ ሳስበው ትንሽ ይገርማል፤ አላውቃትም።

ሦስት ሌሊት ሕልም አይቼ አላስታውሰውም። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ስለምነቃ ነው።

ሰኔ 5፣ ሰኞ

ወረደ።

ጠዋት አምስት ሰዓት ገደማ። ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘንቦ ነበር። ከውሰር የስፌት መኪናው ላይ ነበረች። ከላይ ጀምሮ ነው የተገነጠለው። ራሷን ልትሸፍን እጇን አነሳች። ቀኝ እጅ። አንጓው ላይ ተሰብሯል።

ናስረዲን ነው በስልክ የነገረኝ። «አልሐምዱሊላህ፣ ራሷን አልመታትም» አለ። እኔም ተመስገን አልኩ። ከዚያ የሚደውል ሰው ስለነበር አነሳሁት። አናጺ ፈልጎ ነው። ሰጠሁት።

ሰኔ 6

ከናስረዲን ጋር ልንጠይቃቸው ሄድን። እጇ በጀሶ ታስሯል፤ ስድስት ሳምንት ብለዋታል። ዒዱ ሁለት ሳምንት አይሞላውም።

ከድጁ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቦታ ለቀው አስቀመጡን። ፆም ስለሆነ የሚቀርብ ነገር አልነበረም፤ እጄን የማደርግበት አጣሁ። የወደቀው ልስን ጥግ ላይ ተቆልሏል። አንዱን ቁራጭ አንስቼ ገለበጥኩት። ጀርባው ልሙጥ ነው። የሽቦ ምልክት የለውም።

«ምን ታያለሽ?» አሉኝ ከድጁ።

«ሽቦ የለውም» አልኩ።

«ሽቦ ይደረግበት ነበር እንዴ?»

ናስረዲን መሬት መሬት ያያል። አዎ አልኩ። ከድጁ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ያን ቀን ስለጠየቁኝ ነገርም አላነሱም። የረሱት መስሎኝ ነበር፤ ደግሞም ይርሱት ብዬ ተመኝቻለሁ። ይህን እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም።

ስንወጣ ከውሰር ጠራችኝ። የታዘዘችውን ጨርቅ ለየባለቤቱ የሚመልስላት ሰው የለም፤ ታናሿ ለፈተና ቴፒ አክስቷ ዘንድ ናት። «አንቺ ሰውን ሁሉ ታውቂያለሽ አይደል?» አለችኝ። አስራ አንዱንም በፌስታል ይዤ ወጣሁ። እያንዳንዱ ላይ ልክ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት በመርፌ ተይዟል። ደረት፣ ወገብ፣ የእጅጌ ርዝመት። ጽሑፏ ከእኔ ያምራል።

ሰኔ 8

ጨርቁን መልሼ ጨረስኩ። አስራ አንድ በር። በየበሩ «ምን ሆነች?» ይሉኛል። ግድግዳ ወደቀባት እላለሁ። «ማን ሠራው?» ይላሉ። እነግራቸዋለሁ። አንዷ ሴትዮ «ያ አምስት ኮከቡ?» አለችኝ። ቻናላችንን የሚከታተል ሰው አለ ለካ።

ቤት ገብቼ የእማዬ ክፍል ተቀመጥኩ። ግድግዳው ደረቅ ነው፣ ስንጥቅ የለውም። እማዬ «ምነው ዓይንሽን ከግድግዳው አልነቀልሽ?» አለች። አሁን ልንገርሽ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምሬ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«እከክልኝ ልከክልህ ነዋ» አለች በመጨረሻ። «እኔ እኮ የአባትሽን ሬሳ ስለተሸከመ መስሎኝ ነበር።»

እኔም እንዲያ መስሎኝ ነበር ልላት አስቤ ተውኩት። አልመሰለኝም። ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አፈርኩ፤ ከአባቴ ሞት ወዲህ እንደዚህ አልከፋኝም።

ሰኔ 10፣ ቅዳሜ

ሽማግሌ ከድጁ ቤት ተቀመጠ። በእነሱ በኩል የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች፣ በሲላስ በኩል አቶ ፍቅሩ። እኔና ናስረዲን በር አጠገብ።

ሲላስ ቆሞ መናገር አቃተው። «ቸኩዬ ነው» አለ ቆይቶ። «የዚያኑ ቀን ማታ ሌላ ቤት እንድጀምር ደውለውልኝ ነበር። ሽቦውን ሳየው ነገ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ፣ ሳላደርገው ቀረሁ። ልጅቷ እስክትድን ሥራዋን ሁሉ እኔ...» ልስን እንጂ ስፌት እንደማይችል ትዝ ያለው መሰለኝ።

ከድጁ ብዙ አላስለመኑም። «ይቅር ብያለሁ። በረመዳን ቂም አልይዝም። አላህም ይቅር ይበልህ» አሉ። እጁን ዘረጋ፣ እሳቸውም በነጠላቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። ተመረቀ፣ አሜን ተባለ።

አቶ ፍቅሩ ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲህ ልጄ፣ ጽሑፉን...»

«የቱን ጽሑፍ?» አሉ ከድጁ።

«አስተያየቱን ነዋ። ዕርቅ ወርዷል፣ ይነሳ ለማለት ነው።»

«አምስት ያልኩት ነው ያለው። የወደቀውን ገና አልተናገርኩም፤ ምኑን ነው የምታነሳው? ልጄ፣ መዝገብሽን ይዘሻል? ጻፊ።»

«እናቴ፣ ይቅር ብለዋል እኮ» አሉ አቶ ፍቅሩ፣ በለዘበ ድምፅ።

«ብያለሁ። እሱ የእኔና የዚህ ሰው ነገር ነው፣ አልቋል። ጽሑፉ ግን ለእኔ አይደለም። ነገ ግድግዳ ለሚያስለስን ለማላውቀው ሰው ነው። ያ ሰው ከማን ጋር ታረቀ?»

 እኔም መዝገቡን ጉልበቴ ላይ ከፈትኩ። እሳቸው ቀስ እያሉ ተናገሩ፣ እኔ ቃል በቃል ጻፍኩ፦

«ከድጁ እባላለሁ። ሲላስ ቤቴን ለሰነ። ሲያዩት ያምር ነበር። ምርጊቱ ሳይደርቅ፣ ሽቦ ሳይመታ ነው የለሰነው። ወረደና የልጄን እጅ ሰበረ። ይቅርታ ጠይቆኛል፣ ይቅር ብዬዋለሁ። ሳላሠራው በፊት ክፉ ያለ አለ ወይ ብዬ የቢሮውን ጸሐፊ ጠይቄያት ነበር። የለም አለችኝ።»

እዚያ ላይ ቆሙ። ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ጽፈሻል?»

«ጽፌያለሁ።»

«አንብቢልኝ።»

አነበብኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። የመጨረሻዋ ጋ ስደርስ ድምፄ ቀነሰ መሰለኝ፣ አንድ ሽማግሌ «አልሰማንም» አሉ። ደግሜ አነበብኩ።

ሰኔ 12፣ ሰኞ

ናስረዲን ቢሮ ቀድሞኝ ገብቶ ነበር።

«ስለ ሲላስ ያለውን ለጥፊ። ስለ አንቺ ያለውን ተይው። አስተያየት የምንቀበለው ስለ ባለሙያ ነው፣ ስለ ጸሐፊ አይደለም። ይኼ እኮ ቢሮውን ይዘጋብናል።»

«ሊዘጋብን ይችላል» አልኩት።

«ለእንጀራሽ አታስቢም?»

«አስቤበታለሁ።» አስቤበታለሁ፤ ትናንት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሙሉው ስብከት እሱን ሳስብ ነው ያለፈኝ። ሲላስ ሁለት ወንበር ፊቴ ነበር፤ አልዞረም። ሥራዬን ባጣ እማዬን በምን እንደማኖር አላውቅም። ግን ያን ዓረፍተ ነገር ልተወው ብል የማነሳው ወረቀትና ሙጫ ነው፤ ሙጫው ደግሞ አስጠልቶኛል።

ናስረዲን ብዙ ካጉረመረመ በኋላ «አንቺው ታውቂያለሽ» ብሎ ወጣ። ሙሉውን ለጠፍኩት።

ከዚያ ያለፉትን ሁለት ወረቀቶች በውኃ አርሼ ልልጣቸው ሞከርኩ። ከነጽሑፉ ተላጠ። ስለዚህ ደወልኩ። እማዋይሽ ሳቀች፣ «የጥቅሉን ነገር እንዳትረሺ» ብላ ደግማ አስጻፈችኝ። መምህር በላይነህ ግን «ታርቀናል እኮ» አሉ።

«ታርቃችኋል። ግድግዳው ግን ወርዶ ነበር» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። «እንዲያ ከሆነ በኋላ ደግሞ እንደለሰነው ጨምሪበት፤ ሁለተኛው አልወረደም» አሉ። ጨመርኩበት።

በእማዬ አምስት ኮከብ ሥር ደግሞ ይህን ጻፍኩ፦ «አስተያየት ሰጪዋ የጸሐፊዋ እናት ናቸው። ሥራው በነፃ ነው የተሠራው፣ ሁለት አቤቱታ በተነሳ ሰሞን።»  ስጨርስ ወጥቼ በረንዳው ላይ አለቀስኩ።

ሰኔ 19

ትናንት ዒድ ነበር። ለከውሰር መልካም በዓል ልላት ሄድኩ። የአምና ቀሚሷን ለብሳለች። በግራ እጇ ጨርቅ መቁረጥ እየተለማመደች ነው፤ ጠማማ ነው፣ ራሷም ትስቃለች። ከድጁ ምሳ አበሉኝ። ስለ ጽሑፉ ማንም አላወራም።

ቻናሉ ሁለት መቶ ያህል ሰው ጨምሯል። ለሥራ የሚደውል ግን ቀንሷል። ለሲላስ ማንም አልደወለም።

ሰኔ 23

ዛሬ ከሸኮ አንድ ሰው ደወለ። ስልክ ላይ የሚጮህ ዓይነት ነው። የቡና መጋዘንና ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ማስለሰን ይፈልጋል። አራት ለሳኝ እንዳለን ነገርኩት።

«ምን ተባለላቸው?»

የሦስቱን አነበብኩለት። በጣም ጥሩ ነው። ተመስገን፣ በጣም ጥሩ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ በጣም ጥሩ ነው። ሳቀ። «አራተኛውስ?»

የሲላስን ገጽ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። ምንም አልዘለልኩም። 

«ያች የለም ያለችው ጸሐፊ አሁንም እዚያ ናት?»

«እኔ ነኝ።»

 ስልኩን እስኪዘጋው ጠበቅኩ።

«የአራተኛውን ቁጥር ስጪኝ» አለ። «የሦስቱን ምናቸውንም አላወቅኩም። የዚህን ጥፋት ግን አውቄያለሁ፤ ሽቦ ሲመታ ቆሜ አያለሁ።»

ቁጥሩን ከመስጠቴ በፊት ለሲላስ ራሴ ደወልኩ። ከሽምግልናው ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም። ሸኮ ሥራ እንዳለ ነገርኩት፣ ለሰውዬው ሁሉንም እንዳነበብኩለትም ነገርኩት።

«ሁሉንም?» አለ።

«ሁሉንም።»

 የግድግዳውን ቁመትና ስፋት ጠይቂልኝ፣ ስንት ሜትር ሽቦ እንደሚበቃው እነግረዋለሁ፣ ከመምጣቴ በፊት ገዝቶ ይጠብቀኝ አለኝ።